የቤሳ ዕድሜ ቆራጭ ነበርኩ

ከእኔ ቀድሞ ጡረታ የወጣው ዓይኔ ነው።

ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ነበርኩ። አንድ የቀድሞ ወታደር ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመ። እኔም ጠረጴዛው ላይ ያገኘሁትን ክብ ነገር አንስቼ፣ በአጉሊ መነጽሬ ከግራም ከቀኝም አይቼ፣ "አንበሳው ጋማው ትንሽ ተበልቷል፤ ቀለሙ ግን አልተነካም። ጥሩ ቤሳ ነው" ብዬ ፈረድኩ። ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገና "ወዳጄ፣ እሱ የካፖርቴ ቁልፍ ነው፤ አሁን ተበጥሶ ወድቆብኝ ነው። ቤሳውን ገና ከኪሴ አላወጣሁትም" አለኝ። ጣቢያው ውስጥ ያለ ሰው በሙሉ ሳቀ። ባቡሩ ራሱ በዚያን ቀን ሲነሳ ያፏጨው እኔን አይቶ ነው የሚል ጥርጣሬ አለኝ።

በማግሥቱ መነጽሬን በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ። አሁን አሰበ ተፈሪ ገበያ ዳር ቆርቆሮና ምስማር እሸጣለሁ። ምስማር ደግ ነው፤ ወይ ይገባል ወይ ይጣመማል። ቤሳ ግን እንዲህ አልነበረም። ከሃምሳዎቹ መጀመሪያ እስከ ስልሳዎቹ አጋማሽ፣ ዓሥራ አምስት ዓመት ያህል የቤሳ ፊት አይቼ ዕድሜውን ስቆርጥ ኖሬ፣ ዛሬ ሰው "ለመሆኑ ሥራህ ምን ነበር?" ቢለኝ በቅጡ የማስረዳው የለኝም። ባንክ ቤት አልነበርኩም። አንጥረኛ አልነበርኩም። የጥንቱ ንጉሥ ዘመን መዳብ ቤሳ፣ ገንዘብነቱ ከቀረ በኋላ ለሰብሳቢ ፈረንጆች ሲሸጥ፣ ምን ያህል እንዳረጀና እንደተጎዳ የምፈርድ ሰው ነበርኩ። ይህን ስናገር ሰዉ ሁሉ "እሺ፣ ግን ሥራህ ምን ነበር?" ይለኛል።

ወደዚህ ያገባኝ የጭነት መኪና ረዳትነት ነው። ከአሰበ ተፈሪ ገለምሶ፣ ከገለምሶ ቦኬ፣ ከቦኬ መሰላ ስመላለስ ገጠሬው ቤሳ አምጥቶ "ይህን ለአው አብዱላሂ ስጥልኝ" ይለኝ ነበር። አው አብዱላሂ የሐረር ሰው ናቸው፤ 'አው' እዚያ 'ጋሼ' እንደማለት ነው፤ አሰበ ተፈሪ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ነበራቸው። የብር አምባር፣ የመዳብ ማሰሮ፣ የተሰበረ ሰዓት፣ ከሁሉም በላይ ግን የድሮ ቤሳ ይገዙ ነበር። አንድ ቀን ያመጣሁላቸውን ቤሳ ሳስረክብ "ይቺ ከትናንቱ ትሻላለች" አልኩ፣ እንዲሁ አፌ ስለማያርፍ። ቀና ብለው አዩኝ።

"በምን አወቅህ?"

"ትናንት የመጣው አንበሳ በግ ይመስል ነበር፤ ይሄኛው ቢያንስ ፍየል ይመስላል።"

በሳቅ ሞቱ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ተቀጠርኩ። ደሞዜ በየትኛው ወር እንደሚከፈል እሳቸው ብቻ ያውቁ ነበር። ደረሰኛችን የሲጋራ ካርቶን ጀርባ ነበር። ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አው አብዱላሂ ደረጃ የሚሰጡት በራሳቸው አጠራር ነው። ከተቀረጸ ጀምሮ የሰው እጅ ያልዳሰሰው ቤሳ "ሙሽራ" ይባላል። ገበያ ወጥቶ የተመለሰ፣ የንጉሡ ጉንጭና የአንበሳው ጋማ ብቻ ትንሽ የተላሰበት "ወይዘሮ" ነው። ጋማው ጠፍቶ ፊደሉ ብቻ የቀረው "አሮጊት"። ንጉሡና አንበሳው ማን ማን እንደሆነ ያልታወቀበት ደግሞ "አፈር"። አራት ቃል ብቻ። በአንድ ቀን የምማረው መስሎኝ ነበር።

ግን ያቺው አንዲት ቤሳ ሰኞ ወይዘሮ ትሆናለች፣ ማክሰኞ አሮጊት ትሆናለች፣ ረቡዕ ተመልሳ ወይዘሮ።

"አው፣ ይህች ሴትዮ ስንት ጊዜ ነው የምታገባው?" አልኳቸው።

"ማክሰኞ ደመና ነበር" አሉኝ፣ ሳይስቁ።

እሳቸው ቤሳ ሲያዩ ሥርዓት ነበራቸው፤ ጸሎት የሚያደርሱ ነበር የሚመስለው። እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ያደርቃሉ። ቤሳውን ጠርዙን ብቻ በሁለት ጣት ይይዛሉ፤ ፊቱን በጣት የነካ ሰው ካዩ ያን ቀን አያነጋግሩትም። በሩ ላይ ቆመው በጠዋት ብርሃን፣ መጀመሪያ ክንዳቸውን ዘርግተው ያለ መነጽር ያዩታል። ቀጥሎ ያሸቱታል። አዎ፣ ያሸቱታል፤ እኔ መጀመሪያ ሳይ ሊበሉት ነው ብዬ ነበር። መነጽሩ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ ባለቤቱ "እህሳ፣ አው?" ሲል መልሳቸው አንድ ነው፦ "ነገ።" ቤሳው መደርደሪያ ላይ ያድራል። በማግሥቱ እንደገና ያዩታል። ከቦኬ በእግሩ የመጣ ሰው እንኳ ቢሆን "ነገ" ነው። እኔ ይህን ስንፍና ነበር የምለው።

"ቸሬ፣ አንተ ዓይንህ ይሮጣል" ይሉኝ ነበር። "ወላሂ፣ አንድ ቀን ገደል ይዞህ ይገባል።"

ዓይኔ መሮጡ እውነት ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ቤሳ ጋማዋ ደብዘዝ ብሎ ሳይ "አሮጊት" ብዬ በርካሽ ዋጋ ሚኤሶ ላይ ለአንድ ባለ ቆብ ፈረንጅ ሸጥኩ። ፈረንጁ ባቡር ላይ ወጥቶ፣ መስኮት ከፍቶ፣ ቤሳዋን በፊቴ ሳማት። ለአው አብዱላሂ ስነግራቸው ራሳቸውን ያዙ። ለካ ጋማዋ የደበዘዘው በእጅ ተልሶ አይደለም፤ ስትቀረጽ ብረቱ በደንብ ስላልተጫናት ነው። የተላሰ ቦታ ለስልሶ ቀለሙ ከሌላው ይለያል። ሳይጫን የቀረ ቦታ ግን ደብዛዛ ቢሆንም ቆዳው ከሌላው ጋር አንድ ነው። ያቺ ሙሽራ ነበረች። የእኛ ሙሽራ ያለ ሚዜ ባቡር ተሳፍራ ጅቡቲ ገባች።

ገለምሶ ደግሞ አንዲት ባልቴት እመጣለሁ ብዬ በላክሁባቸው ቀን ቤሳዎቻቸውን በሙሉ በሎሚና በአመድ ፈትገው ጠበቁኝ። ሰፌድ ሙሉ ቤሳ እንደ ሕፃን ድድ ቀልቷል። መዳብ ዕድሜውን የሚናገረው ቡናማ ቆዳው ላይ ነው፤ ያ ቆዳ በሎሚ ከተገፈፈ ሰብሳቢ ፈረንጅ በነጻም አይወስደው።

"እማማ፣ ምነው?" አልኳቸው፣ እንባዬ ቀርቦ።

"እንግዳ ፊት ቆሻሻ ይቀርባል እንዴ፣ ልጄ?" አሉኝ ተቀይመው።

ምን እላለሁ? አመስግኜ ወጣሁ። እስከ ቁኒ ድረስ መኪናው ውስጥ ለራሴ ሳወራ ሾፌሩ ወባ የያዘኝ መስሎት ካፖርቱን ደረበልኝ።

አሁን ወደ በደሳው ነገር ልግባ። እስካሁን የቀለድኩት እሱን ላለማንሳት ነው።

ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት በጫት መኪና ከበደሳ መልእክት መጣ፦ "ቤሳ የሚያውቁት ሰው ይምጡልኝ።" ላኪዋ አደ ሞሚና የምትባል ቡና ያላት ሴት ናት። ያን ሰሞን አው አብዱላሂን ወባ ጥሏቸው ብርድ ልብስ ውስጥ ነበሩ። "እኔ እሄዳለሁ" አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን። "ፍርዱን ነገ ስጥ" አሉኝ፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ። "እሺ" አልኩ። በሩን ስዘጋ ረስቼዋለሁ።

የሞሚና ነገር እንዲህ ነው። አባቷ ሁለት ልጅ ነበራቸው፤ እሷና ታናሿ ኢብሮ። ክፉ ዘመን መጥቶ ኢብሮ በሰባት ዓመቱ ከአጎቱ ጋር ወደ አዋሽ በረሃ ሲሄድ፣ አባትየው ሁለት ቤሳ አውጥተው፣ በአንድ ምስማር፣ በአንድ ድንጋይ ላይ በስተው፣ አንዱን ለሴቷ አንዱን ለወንዱ ሰጡ። አጎትየው በረሃ ሞተ፤ ኢብሮ ጠፋ። አባትየው ሲሞቱ "ቤሳውን ይዞ የመጣ ልጄ ነው፤ የቡናው መሬት ግማሹ የእሱ ነው" ብለው ለሽማግሌ ተናገሩ። ያን ግማሽ መሬት የሚያርሰው የአጎቷ ልጅ አህመዶ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ። አሁን አንድ ሰው ከበረሃ መጥቶ "ኢብሮ ነኝ" አለ። ቤሳም አለው። አህመዶ "ቤሳ የትም ገበያ ይገዛል፤ አዋቂ ይየው" አለ። አዋቂው እኔ ነኝ።

ስደርስ የመንደሩ ዋንዛ ሥር የሐረርጌ ሕዝብ ግማሹ ተሰብስቦ ነበር። እሺ፣ ሠላሳ ሰው ይሆናል። ሽማግሌዎች ጫታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አህመዶ ወፍራም፣ ድምፁ ከወንዝ ማዶ የሚሰማ ሰው ነው። ኢብሮ ነኝ ያለው ደግሞ ቀጭን፣ ፀሐይ ያከሰለው፣ በጣም ዝምተኛ። ቤሳው አንገቱ ላይ በአዲስ ነጭ ክር ተንጠልጥሏል።

ሞሚና የራሷን ቤሳ ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችኝ። አየሁት። ለሃያ ምናምን ዓመት ደረቷ ላይ ሲታሽ የኖረ፣ የለየለት አሮጊት። የተንጠለጠለበት ቀዳዳ ከክሩ ብዛት ወደ ላይ ተስቦ ሞላላ ሆኗል። የእሱን ተቀበልኩት። ጋማው ፀጉር በፀጉር ይቆጠራል። የንጉሡ ዘውድ ላይ ያለው እያንዳንዱ ፈርጥ ይታያል። ቀዳዳው ድፍን ክብ፤ ምስማሩ ሲበሳው የተረፈው ስለታም ጠርዝ እንኳ ጣቴን ይቧጭራል። ሙሽራ ባይሆን ወይዘሮ፤ ያውም ትናንት የተዳረች ወይዘሮ።

"ይህ ቤሳ የት ነበር የሚኖረው?" አልኩት በኦሮምኛ፣ ሾፌሮች ባስተማሩኝ ኦሮምኛ።

"አንገቴ ላይ።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ። ስተኛም።"

እዚህ ላይ ደስ አለኝ። ይህን ለመጻፍ ያፍራል ሰው፤ ግን ደስ አለኝ። ውሸታም የያዝኩ መሰለኝ። ተነሳሁ። ሁለቱን ቤሳ በሁለት እጄ ከፍ አደረግኩ።

"አባቶች" አልኩ፣ "አንገት ላይ ሃያ ዓመት የኖረ ቤሳ ይህን ይመስላል" ብዬ የሞሚናን አሳየሁ። "ይህኛው ግን አንገት አያውቅም። ክሩም አዲስ ነው፣ ቀዳዳውም አዲስ ነው። እነዚህ ሁለት ቤሳዎች አንድ ዕድሜ አልኖሩም።"

"አልሐምዱሊላህ!" አለ አህመዶ። "አፈ ጉባኤ ነህ! ዳኛ ነህ! ወላሂ አዲስ አበባ ድረስ እንዲህ ያለ ፍርድ የለም!"

ኢብሮ ነኝ ያለው ሰው ቤሳውን ከእጄ ተቀበለ። ጥቂት አየው፤ እሱም እንደ አዲስ።

"ቤሳው አልኖረ ይሆናል" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ ግን ኖሬያለሁ።"

ቤሳውን አንገቱ ላይ መልሶ መንገዱን ያዘ። ማንም አልጠራውም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሞሚና ለእንግዳ የሚደረገውን አደረገች፤ ከቡና ገለባና ከወተት የተፈላ ሆጃ በሽክና አመጣችልኝ። ጠጣሁት። ድገሚኝም አልኩ።

አሰበ ተፈሪ ተመልሼ ለአው አብዱላሂ አወራሁላቸው። ሠላሳው ሰው ሦስት መቶ ሆነ፤ ሽማግሌዎቹ ቆመው አጨበጨቡ። እሳቸው ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ስበው ሲሰሙ ቆዩና፦

"ጠረኑስ?" አሉ።

"የምኑ?"

"የቤሳው።"

"አላሸተትኩትም።"

"ቀለሙስ?"

"ጥቁር ቡናማ፣ ትንሽ ቅባት ያለው ነገር... ፊደሎቹ ውስጥ አረንጓዴ ነበር።"

"ፊደሉ ውስጥ ብቻ?"

"ፊደሉ ውስጥ ብቻ።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወባው የተነሳባቸው መሰለኝ። በመጨረሻ "ቆዳ" አሉ። "ቅባት የጠጣ ቆዳ ውስጥ ተሰፍቶ የኖረ መዳብ እንዲያ ይሆናል። ክታብ ውስጥ ከተሰፋ ሃያ ዓመት አይደለም፣ መቶ ዓመት አንገት ላይ ቢውል አይላስም፤ የሚልሰው እጅና ልብስ ነው እንጂ ጊዜ አይደለም። ቢሸት ኖሮ ታውቅ ነበር። ነገ ብትል ኖሮ ትጠይቀው ነበር።" ወደ ግድግዳው ዞሩ። "ወይም ቆዳም ላይሆን ይችላል" አሉ ለግድግዳው። "እኔ አላየሁትም።"

ያን ሌሊት ስገላበጥ አደርኩ ብል ውሸት ነው፤ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ግን የቤሳው ጠረን ቀርቶ እንደሆነ ብዬ እጄን አሸተትኩ። በሦስተኛው ቀን በጫት መኪና በደሳ ሄድኩ።

ሞሚና ቡና እያሰጣች ነበር።

"ሄደ" አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።

"አደ ሞሚና፣ ቤሳው ምናልባት ክታብ ውስጥ..."

"ክታብ ውስጥ ነበር።"

"እንዴት?"

"ቁኒ ሲደርስ ነው ቆዳውን የጣለው። በስብሶ ነበር። 'በበሰበሰ ቆዳ እህቴ ፊት አልቆምም' ብሎ አዲስ ክር ገዛ። ነግሮኛል።"

"ታዲያ ለምን ለእኔ አልነገረኝም?"

"ጠየቅኸው?"

እኔ አልጠየቅሁም። አንገትህ ላይ ነበር ወይ ብዬ፣ አዎ ሲል፣ ጨረስኩ።

"ኦቦ ቸርነት" አለች፣ ቡናውን በእግሯ እየገላበጠች። "ወንድሜን ለማወቅ አንተን የምፈልግ መሰለህ? ያወቅኩት ሲያስነጥስ ነው። አባቴ ሦስት ጊዜ አስነጥሶ በአራተኛው አፍንጫውን በግራ እጁ ይይዝ ነበር። እሱም ያዘ። አንተን የጠራሁህ አህመዶ አፉን እንዲዘጋ ነው።"

"ይህን ቀድመሽ ብትነግሪኝ!"

"ሰው ሁሉ አዋቂ ነው አለህ። አዋቂን በጆሮው ይነግሩታል እንዴ?"

ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ፦ ነግራኝ ቢሆን ምን እል ነበር? ቤሳውን ትቼ ማስነጠሱን ልፈርድ ነው? ማስነጠስ ወይዘሮና አሮጊት አለው እንዴ?

አህመዶና ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄጄ "ተሳስቼ ይሆናል" አልኩ። አህመዶ ሳቀ። "ተሳስተህ ከሆነ ቤሳውን አምጣና አሳየን" አለ። ሽማግሌዎቹም "ቤሳው ሲመጣ እናያለን፤ ያለ ቤሳ ምን እንላለን?" አሉ። ልክ ናቸው። ያ አረንጓዴ ያለው ፊደሎቹ ውስጥ ነው፤ ፊደሎቹ ያሉት ቤሳው ላይ ነው፤ ቤሳው ያለው የሰውየው አንገት ላይ ነው፤ ሰውየው ደግሞ የት እንዳለ እግዜር ይወቀው።

ፈለግኩት። ሚኤሶ በባቡር ቀን፣ አሰቦት፣ አዋሽ። ከበረሃ የመጣ ቀጭን ሰው ባየሁ ቁጥር አንገቱን አያለሁ፤ ሁለት ጊዜ "ምን ታያለህ!" ተብዬ ልመታ ነበር። በዚያ መሀል አው አብዱላሂ ደክመው ሐረር ልጆቻቸው ጋ ገቡ፤ ሱቁን ለእኔ ተዉልኝ። ሲሰናበቱኝ ስለ ቤሳው አነሱ። "ብታገኘው መጀመሪያ አሽትተው" አሉኝ። "ጠረኑ ከቀዳዳው ጫፍ አይወጣም፤ ዓመታት ይቆያል። አረንጓዴውንም ተው፣ እንዳትነካው። ምስክርህ እሱ ነው።" እኔም ቤሳው ሲመጣ እንዴት እንደምይዘው፣ እንዴት እንደማሸተው፣ ለሽማግሌዎቹ ምን እንደምል ለብቻዬ ስለማመድ ሦስት ዓመት አለፈ። ንግግሩ በጣም ጥሩ ሆኖ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ ሱቁ በር ላይ ጥላ ቆመ። ቀና ስል እሱ ነው። ከፀሐዩ ብዛት ይበልጥ ከስሏል። ሰላም እንኳ ሳይል ቤሳውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

"አሁንስ?" አለኝ።

አየሁት። ጋማ የለም። አንበሳ የለም። ዘውድ የለም፤ ፊደል የሚባል የለም። መሐሉ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል።

"ምን አደረግከው?" አልኩት።

"አልኖረም አልከኝ" አለ። "አኖርኩት።"

"በምን?"

አውራ ጣቱን አሳየኝ። ጥፍሩ ሥር ቆዳው ጠንክሮ፣ አረንጓዴ ቀለም ገብቶበት ቀርቷል። "ከብት ስጠብቅ። ጥጥ ስለቅም። ስሄድ። በትንሽ አሸዋ ይፈጥናል።"

አነሳሁትና አሸተትኩት። የሰው እጅ ሸተተኝ። ቀዳዳውን አሸተትኩ። የሰው እጅ። ያ ሦስት ዓመት ስጠብቀው የነበረው ምስክር ሁሉ አውራ ጣቱ ላይ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ለማንም አይመሰክርም። ሰውየው ያድነው የነበረውን ነገር በእኔ ቃል ፈትጎ አጠፋው።

"ለምን ዝም ብለህ አልመጣህም?" አልኩት።

"አንተ አይደለህ ያረጀ ይሁን ያልከው?"

በደሳ አብረን ሄድን። ጫቱን አራግፎ ወደ በደሳ የሚመለስ መኪና ኋላ ላይ ነበርን። ቤሳው እኔ ጋ ነበር፤ ባዶ አውራ ጣቱ ግን ሌባ ጣቱ ላይ መንገዱን ሙሉ ይሄድ ነበር፣ ወደፊት፣ ወደ ኋላ። እያየሁ አስብ ነበር። ይህ ሰው እውነተኛ ወንድም ከሆነ፣ እህቱ ጋ ለመግባት ሦስት ዓመት መዳብ የላሰ ምስኪን ነው። ይህ ሰው አታላይ ከሆነ፣ ግማሽ የቡና መሬት ለማግኘት ሦስት ዓመት መዳብ የላሰ ብልጥ ነው። ሁለቱም ልክ ይህን ያደርጋሉ። ሁለቱም አውራ ጣታቸው እንዲህ ይሆናል። መኪናው በተናጠ ቁጥር ሐሳቤ ከአንዱ ወደ ሌላው ይወድቃል፤ ቁኒ ላይ ወንድም ነበር፣ ቁልቁለቱ ላይ ሌባ፣ በደሳ ስንገባ ሁለቱንም ሆነ።

ሞሚና አጥሯ በር ላይ ቆማ ነበር። አህመዶ ማን እንደነገረው አላውቅም፣ ከሽማግሌዎቹ ሁለቱን ይዞ ደርሷል።

"ያኔ አዲስ ነበረች" አለ አህመዶ ቤሳውን ከእጄ አይቶ፣ "አሁን ፊቷ ጠፍቶ መጣች! በሦስት ዓመት እንዲህ የሚያረጅ ምን ዓይነት መዳብ ነው? በል እንጂ ኦቦ ቸርነት፣ አዋቂው አንተ ነህ። ያው ቤሳ ነው? የአጎቴ ቤሳ ነው? ፍረድ!"

ሁሉም አዩኝ። ኢብሮ አላየኝም፤ መሬት መሬት ያያል። የተለማመድኩት ንግግር በሙሉ ስለ ጠረንና ስለ አረንጓዴ ነበር። ቤሳውን አገላበጥኩ። ለስላሳ ነው፤ ምንም አይልም። ነው ብል ውሸት ነው። አይደለም ብልም ውሸት ነው። ነገ ልበል ብዬ አሰብኩ፤ ነገም ቤሳው ያው ነው። ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ ከአፌ ያልወጣው ቃል ወጣ።

"አላውቅም" አልኩ።

አህመዶ "ምን?" አለ።

"አላውቅም። ያኔም አላውቅም ነበር።"

ሞሚና ወደ እኔ መጣች። የምትመታኝ መሰለኝ፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

"አላውቅም ማለት ትችል ነበር?" አለችኝ። "ይህን ቃል ታውቀዋለህ? ታዲያ ያን ቀን የት አስቀምጠኸው ነበር?"

ከዚያ ወደ አህመዶና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

"ሰማችሁ? አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ።"

አንደኛው ሽማግሌ ጢሙን ዳሰሰ። "አዋቂው ካላወቀ" አለ ቀስ ብሎ፣ "የእህት ቃል ነው የሚቀረው።" ሌላው ራሱን ነቀነቀ። አህመዶ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ሽማግሌው እጁን አነሳበት።

"ኢብሮ" አለች ሞሚና፣ "ና ግባ። እህል ቀዝቅዟል።"

ገባ። ሲገባ ደጃፉ ላይ አስነጠሰ። ስንት ጊዜ እንደሆነ ልቆጥር ጆሮዬን አቆምኩ፤ በሩ ተዘጋ።

ሰዉ ሄደ። እኔ አጥሩ በር ላይ ቤሳውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ማንም አልተቀበለኝም፤ ማንም አልጠየቀኝም። ትንሽ ጠብቄ አንኳኳሁ።

"ማነው?" አለች ከውስጥ።

"እኔ ነኝ። ቤሳውን ላስረክብ።"

ውስጥ ይሳቃል፤ የሁለት ሰው ሳቅ ነው።

"እዚያው ድንጋዩ ላይ አድርገውና ሂድ" አለችኝ።

ከበሩ ጎን ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ቤሳውን አስቀመጥኩት። ከዚያ ንጉሡን ወደ ላይ ላድርግ ወይስ አንበሳውን ብዬ አነሳሁት። የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። አንድ ጊዜ ገለበጥኩት፤ እንደገና ገለበጥኩት፤ ያመጣን መኪና ሾፌር ከመንገድ ዳር ጡሩንባውን እያንጫረረ ሲጠራኝ እንደሆነው ትቼው ሄድኩ።